ከመጫኑ በፊት ያለችው ግማሽ ሰከንድ

ፎቶ አንሺውን ሰፈሩ ሁሉ «አንዴ ብቻ» ብሎ ነው የሚጠራው። ሙሽራም ይሁን ተመራቂ፣ ለመታወቂያ የመጣም ይሁን ገና ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ከሱ አፍ የሚሰማው አንድ ነገር ነው፤ «አንዴ ብቻ!» ከዚያ ደጋግሞ ያነሳል። ደንበኛው በቃኝ ብሎ ብድግ ሲል ደግሞ፣ «አሁን እውነተኛዋ፤ አንዴ ብቻ» ይላል። ከጎኑ ያለው ፀጉር አስተካካይ፣ «ይሄ ሰውዬ ነፍሱን ሊወስድ የመጣውን መልአክ እንኳ ብርሃን ላይ አቁሞ አንዴ ብቻ ይለዋል» እያለ ደንበኞቹን ያስቃል።

ፎቶ ቤቱ ጠባብ ናት። ከፊት መስታወት የለበሰ ባንኮኒ፣ ከኋላ ግራጫ መጋረጃ፣ አንድ ክብ መቀመጫ፣ ሁለት መብራት፣ ወደ ጓሮ የሚያይ አንድ መስኮት። ግድግዳዋ ላይ ግን ሰፈሩ በሙሉ አለ። በእናቷ ክንድ ላይ ታቅፋ የተነሳችው ሕፃን ትንሽ ከፍ ብሎ በደብተር ቦርሳ አለች፤ ከዚያም ከፍ ብሎ በነጭ ቀሚስ። ፖስታ አመላላሹ አለ፤ ዳቦ ጋጋሪው አለ፤ ሁለት ጊዜ ተጣልተው ሁለት ጊዜ የታረቁት መንትያዎች አሉ። የሌለችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ የፎቶ አንሺው ሚስት።

የሌለችበት ምክንያት ዓይኗን ስለምትጨፍን ነው። አንዳንድ ሰው አልፎ አልፎ ይጨፍናል። እሷ ግን ሁልጊዜ ነው። በሠርጋቸው ዕለት እንኳ ጨፍናለች። ያን ቀን ሰውየው ሠርጉን ለሌላ ፎቶ አንሺ አላምንም ብሎ ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አቁሞ፣ ጨምቆ የሚያነሳበትን ረጅም ገመድ ያለው የላስቲክ መጭመቂያ በጡጫው ውስጥ ደብቆ፣ ከሙሽራዋ ጎን ሆኖ ራሱ ነበር ያነሳው። ሙሽራዋ በዚያ ፎቶ ላይ ፊቷን ወደሱ መለስ አድርጋ፣ አበባዋን ታቅፋ፣ ቆማ እንቅልፍ የወሰዳት ትመስላለች። ከዚያ ወዲህ በልደትም፣ በጉዞም፣ ልጃቸውን ታቅፋም እንዲሁ ነው። ሰው ስልኩን ሲያነሳ እንኳ ገና ከሩቁ ፊቷን በእጇ ትሸፍናለች። «እኔ ለፎቶ አልተፈጠርኩም» ትላለች፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል።

ሙያዋ የአንደኛ ክፍል አስተማሪነት ነው። የትምህርት ቤቱን የመምህራን ፎቶ በየዓመቱ የሚያነሳው ባሏ ስለሆነ፣ በር ላይ ባለው ሰሌዳ ከሁሉም መምህራን መሀል የጨፈነችው እሷ ብቻ ናት። ልጆቹም «ቲቸር እንቅልፌ» የሚል ስም አውጥተውላታል። እየሰማች እንዳልሰማች ታልፋለች። ጡረታዋ ሲደርስ ግን ነገሩ ተለወጠ።

በትምህርት ቤቱ ጡረታ የሚወጣ መምህር ፎቶ አድጎ፣ በፍሬም ተደርጎ፣ ከሱ በፊት ከወጡት ጎን ኮሪደሩ ላይ ይሰቀላል። እዚያ የተሰቀለ አይወርድም።

«ስማ» አለችው አንድ ቀን ምሳ ላይ። «የዛሬ ሳምንት አርብ የኔ ተራ ነው። ኮሪደሩ ላይ።»

«አውቃለሁ።»

«ዕድሜ ልኬን የሰው ልጅ ስቀሰቅስ ኖሬ፣ ተኝቼ ልሰቀል?»

«ዓይንሽ ተገልጦ ነው የምትሰቀይው።»

«ይሄን ስትለኝ ፀጉሬ ጥቁር ነበር።»

«አሁን ዘመኑ ሌላ ነው፤ ካሜራው ሌላ ነው።»

«አንተ ግን ያው ነህ» አለች እየሳቀች፤ ከዚያ ድንገት ሳቋን አቆመች። «የምሬን ነው። እነዚያ ልጆች ነገ አድገው ልጆቻቸውን ሊያስመዘግቡ ሲመጡ፣ ይቺ ያስተማረችኝ ናት ብለው ሲያሳዩኝ፣ ነቅቼ እንዲያገኙኝ እፈልጋለሁ። ካልሆነልህ ንገረኝ። መንገድ ማዶ ያለው ፎቶ ቤት ሄጄ እነሳለሁ።»

እዚህ ላይ ማንኪያውን አስቀመጠ። የአናጢ ሚስት ወንበር ከሌላ አናጢ ስትገዛ ማለት ይህ ነው።

ከተማ ቀይራ የምትኖረው ልጃቸው ነገሩን በስልክ ስትሰማ፣ «አባዬ፣ ምን ያጨናንቃችኋል? የተጨፈነ ዓይን የሚከፍት ፕሮግራም አለ» አለች። ፎቶ ላኩላት። ብዙም ሳትቆይ መልሳ ላከች። እናትየዋ መነጽሯን አድርጋ አየችው። ዓይኖቹ ተከፍተዋል፤ ትልልቅ ናቸው፤ ያበራሉ።

«እነዚህን ዓይኖች የት ነው የማውቃቸው?» አለች ፊቷን ከስልኩ እያራቀች። «አገኘሁ! የሳሙና ማስታወቂያ ላይ ያለችው ልጅ ናት።»

«እማዬ፣ ፕሮግራሙ እኮ ገምቶ ነው።»

«ምን ያስገምተዋል? እኔ ሞቻለሁ እንዴ? እዚሁ አለሁ አይደል!»

ፕሮግራሙም በዚህ ተሰናበተ።

አሁን አንዴ ብቻ ለምን ያን ያህል በካሜራው እንደተማመነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ነገሩም ደስ የሚል ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። በድሮው ካሜራ ውስጥ መስታወት አለ። ቁልፉ ሲጫን መስታወቱ ብድግ ይልና «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሰውየው ለብዙ ዓመት ሚስቱን የሚያስጨፍናት ይህ «ቀጭ» ነው ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ መስታወት የሌለው ካሜራ ሲመጣ፣ ያውም ያለ አንዳች ድምፅ እንደሚያነሳ ሲሰማ፣ ሁለት አሮጌ ካሜራዎቹን ሸጦ አንድ አዲስ ገዛ። ቤት እንደገባ ሚስቱን አስቀመጠ። አነሳ። ዝም። ዝንብ ብታልፍ ትሰማለች። ፎቶውን አዩት፤ ጨፍናለች።

«ድምፅ የለውም እኮ!» አለ ሊያለቅስ ትንሽ ቀርቶት።

«እኔ ምን ላድርግ? ዓይኔን አናግረው።»

ይሁንና አዲሱ ካሜራ ከድሮው የሚለይበት ሌላ ጠባይ ነበረው። የድሮ ካሜራ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው የሚያረጀው። አዲሱ ግን ውስጡ ኮምፒውተር ስለሆነ፣ ኩባንያው አልፎ አልፎ አዲስ ሶፍትዌር ይልክለታል። ሰውነቱ ያው ሆኖ ትናንት የማያውቀውን ዛሬ ያውቃል። ይህን የሰማ ፎቶ አንሺ ሁሉ ምኞተኛ ሆነ።

ምኞቱ የሚነገረው ካሜራ ጠጋኙ ጋ ነው። «ዶክተር» ነው የሚሉት፤ ግንባሩ ላይ አጉሊ መነጽር አስሮ ስለሚውል። ሰኞ ሰኞ ሠርግ ስለሌለ ፎቶ አንሺዎቹ እዚያ ይሰበሰባሉ። በዚያች ሰኞም አንዴ ብቻ ሲገባ ወጉ ደርቶ ነበር።

«እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው» ይላል የሠርግ ቪዲዮ ቀራጩ። «ቀለበት ሊጠለቅ ሲል ካሜራው ሞቆኛል ብሎ እንዳይጠፋብኝ። ሙሽራው እንኳ በዚያ ሙቀት ሙሉ ሱፍ ለብሶ ችሏል እኮ!»

«የኔ ይብሳል» አለች የስፖርት ፎቶ አንሺዋ። «ካርዱ ላይ ያለውን ፎቶ ላጥፋው ወይ ሲለኝ ‹አዎ›ንና ‹አይ›ን አጠጋግቶ ነው የሚያስቀምጣቸው። አንድ ሙሉ ግማሽ ፍጻሜ እንዲሁ ቀልጦ ቀርቷል።»

«ባለፈው ምን ላኩልን ታዲያ?»

«የወፍ ዓይን ለይቶ ፎከስ ያደርጋል ብለው ላኩ። የባቡርም፣ የአውሮፕላንም።»

«አውሮፕላን ዓይን አለው እንዴ?»

«አብራሪውን ነው የሚፈልገው አሉ።»

«እንግዲያው የኔን ሚስት ዓይን ይፈልግልኝ!» አለ አንዴ ብቻ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

የሱ ምኞት «ቅድመ ቀረጻ» የሚባለው ነገር ነበር። አሠራሩ የሚገርም ነው። ጣት ቁልፉን ነካ አድርጎ እንደያዘ፣ ካሜራው በውስጡ ሳያቋርጥ ያነሳል፤ ያረጀውን እየጣለ አዲሱን ይይዛል። ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ሲጫን ያን ጊዜ ከመጫኑ በፊት ያለችውን ግማሽ ሰከንድ ጨምሮ ያስቀምጣል። ይህን ለሚስቱ ሲያስረዳት ወዲያው ገባት። «እንዲህ ዓይነት ተማሪ አለኝ» አለች። «የማይሰማ ይመስላል፤ ምን አልኩ ስትለው ግን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ይደግምልሃል።» ልክ እንደዚያ ነው። ዓይኗ ከመጨፈኑ በፊት የነበረውን ካሜራው ይደግምለታል ማለት ነው። ችግሩ ኩባንያው ይህን የሰጠው ውድ ለሆነው ካሜራ ብቻ ነበር። አንዴ ብቻ አስተያየት በሚቀበለው ድረ ገጽ ላይ ደጋግሞ ጻፈ። ደጋግሞም «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» ተባለ።

«አይዞህ» አለው ዶክተር። «ለታላቅየው የተሰፋ ልብስ ለታናሽየው ይደርሳል።»

ደረሰም። ረቡዕ ጠዋት፣ ፎቶው ሊሰቀል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አዲስ ሶፍትዌር መጣ፤ ከተዘረዘሩት ነገሮች መሀል ቅድመ ቀረጻ አለበት።

በፎቶ አንሺዎች ዘንድ ግን አንድ የማይጣስ ሕግ አለ፤ በሥራ ዋዜማ ካሜራ አይታደስም። ሶፍትዌሩ ሲገባ ለዓመታት ያስተካከልከው ሁሉ ወደ ፋብሪካው ሊመለስ ይችላል። ከዚያ የባሰው ደግሞ መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ወይም ባትሪ ካለቀ ካሜራው ከነነፍሱ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። አንዴ ብቻ ይህን ሕግ ለሌሎች ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ቅዳሜ ደግሞ ሠርግ አለበት። ከባንኮኒው ኋላ ሲንጎራደድ ዋለ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይላል፤ ዞር ብሎ ደግሞ ካልቸኮልኩ መንገድ ማዶ ልትሄድ ነው ይላል።

ሚስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባትሪውን ሞልቶ፣ ካሜራውን ፎጣ ላይ አስተኝቶ፣ ወተት እሳት ላይ እንደጣደ ሰው አጠገቡ ቆሞ አገኘችው። ስክሪኑ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር በዝግታ ትሞላለች።

«ምን ሆነ? ታመመ?»

«እየተማረ ነው። እንዳትነኪው። ባንኮኒውንም እንዳትነኪው።»

«መተንፈስስ ይቻላል?»

«በቀስታ።»

ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ከጎኑ ቆመች። መስመሯ ከግማሽ አለፈችና ቀጥ አለች። እጁን ያዘችው። መስመሯ ሞላች፤ ስክሪኑ ጠፋ፤ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ፤ በራ። ሰውየው ካሜራውን አንስቶ ግንባሩን ሳመው።

«እኔን ስትስመኝ እንዲህ አድርገህ አታውቅም» አለች።

ወዲያው መስኮቱ ጋ አስቀመጣት። መብራቶቹን አላበራም፤ ይህም በምክንያት ነው። ካሜራው ያለ ድምፅ ሲያነሳ ምስሉን የሚያነበው ከላይ ወደታች በመስመር በመስመር ነው። የነዚያ መብራቶች ብርሃን ደግሞ ለዓይን ባይታይም ይርገበገባል። ስለዚህ ፊት ላይ የሜዳ አህያ ዓይነት መስመር ይወጣል። የመስኮት ብርሃን ግን አይርገበገብም። ይህን ሁሉ ያውቃል። ሁሉን አስተካክሎ አነሳ። አየ። ጨፍናለች። ከመጫኑ በፊት ያለውን ፈለገ፤ ምንም የለም። ደገመ፤ ምንም።

«ተኝቻለሁ?»

«ተኝተሻል።»

«ያ የምትለው ቅድመ ምንትስስ?»

«የለም።»

ከዚያ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። «ግድ የለም» አለች። ይህቺ «ግድ የለም» ከቁጣም በላይ አመመችው፤ የምትወደውን ነገር የተወች ሰው ድምፅ ነበራት።

ሐሙስ ጠዋት ገና ሱቅ ሳይከፈት አንዴ ብቻ የዶክተር በር ላይ ነበር። ፎቶው በዚያው ቀን ካልታተመ ለአርብ አይደርስም።

«ካሜራዬን ገደልኩት መሰለኝ።»

ዶክተር አጉሊ መነጽሩን ወረድ አድርጎ ስክሪኑ ላይ የካሜራውን ማውጫ አገላበጠ። «ይሄ ከኔም ከአንተም ይሻላል። ጤነኛ ነው። እስቲ እኔን አንሳኝ።»

አነሳው። ዶክተር ግን ካሜራውን አላየም፤ የሚያየው እጁን ነበር። «እንደገና» አለ። «እንደገና። … ተይዟል! አውራ ጣትህ ነው ጥፋተኛው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ሰው ሌባ ጣቱን ቁልፉ ላይ ያሳርፋል፤ ግማሽ ሲጫነው ካሜራው ፎከስ ያደርጋል፤ ሙሉ ሲጫነው ያነሳል። ሙያውን የጠገቡት ግን ፎከሱን ከኋላ ላለ ሌላ ቁልፍ ሰጥተው በአውራ ጣታቸው ይሠሩታል። አንዴ ብቻም ለዓመታት እንደዚያ ነው። ሌባ ጣቱ ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ልክ ሰዓቱ ሲደርስ እንደ ጭልፊት ከላይ መውደቅ። አዲሱ ቅድመ ቀረጻ ግን መሰብሰብ የሚጀምረው ሌባ ጣት ቁልፉን ግማሽ ሲጫን ነው። በአውራ ጣት ተከብሮ የኖረ ሰው ጀማሪ በሚያደርገው ነገር ተበለጠ።

ዶክተር ፎከሱን ወደ ሌባ ጣት መለሰለት። ጣት ግን እንደ ካሜራ በሶፍትዌር አይታደስም። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ እንዲሉ፣ አውራ ጣቱ ሳይጠራ እየሄደ የኋላውን ቁልፍ ይጫናል። ፎቶ ቤቱ ሄዶ ፀጉር አስተካካዩን መቀመጫው ላይ አስቀምጦ መለማመድ ያዘ። በመጨረሻ አውራ ጣቱን በፕላስተር ጠቀለለው።

«ቆረጠህ እንዴ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አይ፣ ታስሮ ነው።»

ሚስቱ በምሳ እረፍቷ መጣች። መምጣቷም በልመና ነበር። «እንግዲህ ይሄ የመጨረሻ ነው» ብላ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ «አንዴ ብቻ» ማለት ረሳ። ጣቱን አሳረፈ፤ ያዘ፤ ተጫነ።

ስክሪኑ ላይ ፎቶዎቹ ተደረደሩ። የመጨረሻው ላይ ጨፍናለች። አንድ ወደኋላ መለሰ፤ ግማሽ ተከድኗል። ሌላ አንድ፤ ሌላ። ከዚያ እንደ ሕፃን ጮኸ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ እየሮጠ ገባ።

«ምንድነው? ሌባ?»

«ዓይኗ!» አለ አንዴ ብቻ። «ዓይን አላት!»

«ይሄን ለማወቅ ነው ይህን ያህል ዘመን ያገባሃት?» አለና ግማሽ የተቆረጠ ደንበኛው ጋ ተመለሰ።

ሚስቱ ካሜራውን ከእጁ ቀምታ ስክሪኑን አየች። ብዙ ጊዜ አየች። አፏን በመዳፏ ይዛ አየች።

እሱ ግን ነገሩን እስከ ሥሩ ካላወቀ የማያርፍ ሰው ነው። ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጦ አንድ በአንድ ወደኋላና ወደፊት ሲያመላልስ ሁለት ነገር አስተዋለ። አንደኛ፣ አጨፋፈኗ የደነገጠ ሰው አይመስልም፤ ዝግ ያለ ነው፤ ቀኝ ዓይኗ ትንሽ ይቀድማል፤ ጉንጯም አብሮ ወደላይ ይሰበሰባል። ሁለተኛ፣ ዓይኖቿ ሌንሱን አያዩም፤ ከሌንሱ ትንሽ ወደ ጎን ነው የሚያዩት።

«ምን እያየሽ ነው እዚህ ላይ?»

«አንተን ነዋ።»

«ምኔን?»

«ዓይንህን። ያቺን ውጭ የምትቀረውን።»

የዚህ ካሜራ ማያ ቀዳዳ ከግራ ጥግ ነው። ቀኝ ዓይኑን ሲያስጠጋ ግራ ዓይኑ ከካሜራው ጎን ብቅ ብሎ ይቀራል።

«ልትጫን ስትል ጭምቅ ታደርጋታለህ» አለች። «ጥርሱን እንደሚነቅሉት ሰው።»

«እኔ?»

«አንተ! ድሮም እኮ እንዲህ ነህ።»

ካሜራውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ባዶ እጁን ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። «እዪኝ» አላት። አየችው። ግራ ዓይኑን ጭምቅ አደረገ። የሷ ሁለቱም ዓይኖች ተጨፈኑ። እንደገና አደረገ፤ እንደገና ተጨፈኑ። በሦስተኛው ሳቅ አሸነፋቸው፤ እሷ መስኮቱን ተደግፋ፣ እሱ ጉልበቱን ይዞ።

ይህን ለመረዳት ሕፃን የምታጎርስ እናትን ማየት ይበቃል። ማንኪያውን ወደ ልጁ አፍ ስታስጠጋ የራሷን አፍ ትከፍታለች፤ ክፈቺ ያላት የለም። አንዴ ብቻ ዕድሜ ልኩን «ቀጭ» የሚለውን ድምፅ ሲከስ ኖሯል፤ ድምፁን ለማጥፋት ካሜራ ለወጠ፤ ሶፍትዌር ለመነ። ጨፍኚ የሚላት ግን የራሱ ፊት ነበር። በኋላ ማታ ቤት ሄደው የሠርጉን ፎቶ ቢያዩት እዚያም ላይ የሙሽራው ግራ ዓይን ተጨምቋል። እንግዳ ሁሉ ሲጣቀስ ነው እያለ ያለፈው ነገር ነው።

«ካሜራውን እዪ እያልኩሽ አልነበረም ወይ?» አለ እንባውን እየጠረገ።

«እኔ ካሜራውን መቼ አገባሁት?»

አሁን መድኃኒቱ ታወቀ። ግራ ዓይኑን ጨርሶ ላለመጨፈን ምሎ፣ እሷም ሌንሱን ልታይ ቃል ገብታ፣ አንድ ጊዜ ሞከሩ። ዓይኑ እስኪያነባ ድረስ አፍጥጦ ተጫነ። ጥሩ ፎቶ ወጣ፤ ዓይኗ የተገለጠ፣ ቀጥ ብላ የምታይ፣ ያለ ምንም እንከን። ሁለቱን ፎቶ፣ ይህንንና ከመጫኑ በፊት የተያዘውን፣ ጎን ለጎን አትሞ ባንኮኒው ላይ ዘረጋላት።

«እንደ ሙያተኛ ከጠየቅሽኝ ይሄ ነው» አለ ቀጥ ብላ የምታይበትን እየጠቆመ። «ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሁሉ ቀጥ ብለው ነው የሚያዩት። ያኛው ለግድግዳ አይሆንም፤ ዓይንሽ ሸሽቷል።»

መነጽሯን አድርጋ ሁለቱን አመሳከረች።

«ይቺ ዓይኗን ከፍታለች» አለች። ጣቷን ወደ ሌላው ወሰደችው። «ይቺ ግን እያየች ነው። ይቺን አሳድግልኝ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ነቅታለች ይላል። ሌላ ምን ፈለግኩ?»

አተመው። በዚያው ወደ ኩባንያው አንድ አስተያየት ጻፈ፤ ቅድመ ቀረጻው በአውራ ጣትም እንዲጀምር። «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» የሚለው መልስ ገና ፎቶው የገባበትን ካርቶን ሳያሽግ ደረሰው።

አርብ ዕለት ፎቶው ተሰቀለ። ንግግር ተደረገ፤ አበባ ተሰጠ፤ ተጨበጨበ። ሰዉ ወደ አዳራሹ ሲያልፍ አንዴ ብቻ ኮሪደሩ ላይ ቀረ። ፎቶ ውስጥ ያለ ሰው ሌንሱን ካየ፣ የትም ብትቆም ያይሃል፤ ሌንሱን ካላየ ደግሞ የትም ብትቆም አያይህም። ይህን በደንብ ያውቃል። ቢሆንም ዓይኗ የሚያርፍበትን ቦታ እንደሚፈልግ ሰው ወደ ግራ ሄደ፤ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ጎንበስ አለ፤ እስከ ውሃ ቧንቧው ድረስ ሸሸ። ሁልጊዜ ትንሽ አልፋው ታያለች።

የአንደኛ ክፍል ልጆች በሰልፍ ወጡ። ከፊት ያለችው ልጅ ፎቶው ጋ ስትደርስ ቆመች። ዓይኖቹን አየች፤ ከዚያ ማን እንዳለ ለማየት ዞር ብላ ከኋላዋ ተመለከተች። ተከታይዋም ዞረች። ሰልፉ በሙሉ አንገቱን አዙሮ ቆመ።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አለች መምህርቷ አበባዋን እንደታቀፈች መጥታ።

«ቲቸር፣ እዚህ ላይ ማንን ነው የምታይው?»

በአገጯ ወደ ውሃ ቧንቧው ጠቆመች። ልጆቹ እዚያ ጎንበስ ብሎ የቆመውን ሽበታም ሰውዬ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። መምህርት እንዲህ አድርጋ የምታየው ልጅ ምን ዓይነት እንደሆነ ከልምዳቸው ያውቃሉ።

«ምን አጠፋ?» አለች ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እስካሁን ምንም» አለች። «ግን ዓይኔን ከሱ ላይ አልነቅልም።»